የዓይን ገጽ ዕጢዎች፦ ሐኪሞች ሳይቆርጡ ወደ ውስጥ የሚመለከቱባቸው የምስል መሣሪያዎች

በዓይን ነጩ ክፍል ላይ፣ ከጥቁሩ ክብ ጠርዝ አጠገብ፣ ትንሽ ሥጋ መሰል ነገር ብቅ ይላል። አያምም፤ እይታንም አይጋርድም። አልፎ አልፎ ይቀላል፣ ይቆረቁራል፤ ፀሐይና ነፋስ በበረታበት ዕለት ደግሞ ዓይንን ያስለቅሳል። ብዙ ሰው "አቧራ ነው"፣ "ድካም ነው" እያለ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ያሳልፋል።

ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት አይሆንም። በዓይን ገጽ ላይ ከሚታዩት እብጠቶች የሚበዙት ለሕይወት የማያሰጉ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ካንሰር፣ ወይም ካልታከሙ ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ጉዳት የሌለውና አደገኛው በመልክ እጅግ መመሳሰላቸው ነው። የሁለቱ ሕክምና ደግሞ ለየቅል ነው፤ አንዱን እየተከታተሉ መተው ይቻላል፣ ሌላው ግን ከዘገየ ዓይንን ሊያሳጣ ይችላል።

ለረጅም ዘመን ይህን ለመለየት የነበረው አስተማማኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ሥጋውን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ባለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ግን በብርሃንና በድምፅ ሞገድ እየታገዙ ከገጹ በታች ያለውን የሚያሳዩ መሣሪያዎች ወደ ዓይን ክሊኒኮች ገብተዋል። ለመሆኑ መሣሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ? ምን ያሳያሉ? ምንስ ይሰወርባቸዋል?

በዓይን ገጽ ላይ ምን ዓይነት ዕጢ ይበቅላል?

የዓይን ገጽ ሲባል በዋናነት ሁለት ክፍሎችን ያጠቃልላል። አንደኛው ከፊት የሚገኘውና ብርሃን የሚያሳልፈው መስታወት መሰል ክፍል፣ ማለትም ኮርኒያ ወይም የዓይን ብሌን ነው። ሁለተኛው ነጩን ክፍልና የዓይን ቆብን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲሆን ኮንጃንክታይቫ ይባላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ሊምበስ የሚል ስያሜ አለው። ለፀሐይ ብርሃን የተጋለጠው ይህ ጠርዝ፣ አብዛኛው የዓይን ገጽ ካንሰር የሚነሣበት ስፍራ ነው።

የሕክምና ባለሙያዎች በተለይ ሦስት ዓይነት ዕጢዎችን ይጠነቀቃሉ። የመጀመሪያው የላይኛው የሕዋስ ንጣፍ ሥርዓቱን ስቶ ሲበዛ የሚፈጠረው ስኳመስ የተባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ከቅድመ ካንሰር ደረጃ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ዘልቆ እስከሚገባ ካንሰር የሚደርሱ ደረጃዎች አሉት። ሁለተኛው ቀለም ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሣው ሜላኖማ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚመነጨው ሊምፎማ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ለስላሳና ሮዝ መልክ ያለው እብጠት ሆኖ ይታያል።

ከእነዚህ ጋር በቀላሉ የሚምታቱ ጉዳት የሌላቸው ለውጦችም አሉ። ዋነኛው ቴሪጂየም ነው። ይህ ከነጩ ክፍል ተነሥቶ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ወደ ብሌኑ የሚያድግ ሥጋ ሲሆን፣ ለፀሐይና ለአቧራ በሚጋለጡ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። በቆዳ ላይ እንደሚኖረው "ማርያም የሳመችው" ነጥብ ሁሉ፣ በዓይን ነጭ ላይም ኔቨስ የሚባል ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥብ ሊኖር ይችላል።

የቆዳ ቀለማቸው ጠቆር ባሉ ሰዎች ዘንድ ደግሞ በሁለቱም ዓይኖች ጠርዝ ዙሪያ ጠፍጣፋ ቡናማ ቀለም መታየቱ የተለመደ ነው። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ እንዲህ ዓይነት ቀለም ያለው ሰው የዓይን ሐኪም ሲጎበኝ ስለ እርሱ ቢጠየቅ ሊደነግጥ አይገባም። ትኩረት የሚያሻው ቀለሙ በአንድ ዓይን ብቻ ሲታይ፣ በጉልምስና ዕድሜ አዲስ ሲመጣ፣ ሲሰፋ ወይም ሲወፍር ነው።

ምሥራቅ አፍሪካን ለምን ይመለከታል?

ስኳመስ የተባለው የዓይን ገጽ ካንሰር በዓለም ደረጃ ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ግን ከሌላው ዓለም በጎላ መጠን ይታያል። የሕመምተኞቹ ማንነትም የተለየ ነው። በሌሎች አህጉራት በሽታው በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ሲያጠቃ፣ በአፍሪካ ወጣት ጎልማሶችን፣ ወንዱንም ሴቱንም በተቀራራቢ መጠን ይይዛል።

ለዚህ ሦስት ምክንያቶች ተደጋግመው ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ጨረሩ ይበረታል፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባን የመሰሉ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ከተሞች አየራቸው ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨረራቸው ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ኤችአይቪ ነው። በአፍሪካ የተደረጉ ጥናቶችን በአንድነት የፈተሸና እ.አ.አ. በ2013 የወጣ ግምገማ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አመልክቷል። ሦስተኛው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ የእርሱ ድርሻ እስካሁን እያከራከረ ነው።

በዚህ ምክንያት ሐኪሞች በወጣት ሕመምተኛ ዓይን ላይ እንዲህ ያለ ዕጢ ሲጠረጥሩ የኤችአይቪ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራሉ። አንዳንድ ሰዎች ቫይረሱ በደማቸው መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁት በዓይናቸው ላይ በታየ ዕጢ ሰበብ ነው። ጥያቄው ሲቀርብ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ሕክምናው አካል ሊታይ ይገባል፤ ውጤቱ ሌላውን የሰውነት ክፍልም የሚታደግ ሊሆን ይችላልና።

መነሻው፦ ስሊት ላምፕና ማቅለሚያ

ማንኛውም ምርመራ የሚጀምረው በስሊት ላምፕ ነው። ሕመምተኛው አገጩን በመደገፊያው ላይ ያሳርፋል፤ ሐኪሙም በቀጭን የብርሃን ጨረር እየታገዘ የዓይኑን ገጽ አጉልቶ ይመለከታል። ዕጢውን የሚመግቡ የወፈሩ የደም ሥሮች፣ ነጭ ቅርፊት መሰል ሽፋን፣ ወይም እንደ እንጆሪ የተቆጣጠረ ገጽ ጥርጣሬን ያጠናክራሉ። በካሜራ የሚነሣው ፎቶግራፍም ዕጢው ከወራት በኋላ ማደጉን ወይም አለማደጉን ለማመሳከር ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ስሊት ላምፕ የሚያሳየው ላዩን ነው። ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በዓይኑ አይቶ የቅድመ ካንሰር ደረጃን ከተቆጣ ቴሪጂየም በእርግጠኝነት መለየት ይሳነዋል። አንዳንድ ጊዜም ካንሰሩ በቴሪጂየሙ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል።

ርካሽ ከሆኑት አጋዥ ዘዴዎች አንዱ ቶሉዲን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ነው። ጠብታው ያልተለመዱ ሕዋሳትን ያቀልማል። እ.አ.አ. በ2015 ከኬንያ የወጣ ጥናት፣ ማቅለሚያው በባዮፕሲ ከተረጋገጡት የስኳመስ ዕጢዎች 92 በመቶውን እንዳሳየ አመልክቷል። ችግሩ ዕጢ ያልሆኑትንም በብዛት ማቅለሙ ነው፤ ጉዳት ከሌላቸው እብጠቶች መካከል ሳይቀልሙ የቀሩት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ማቅለሚያው ካንሰር መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻውን አይበቃም።

ኦሲቲ፦ የብርሃን ገደል ማሚቶ

በዘርፉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው መሣሪያ ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊ፣ በምሕጻረ ቃል ኦሲቲ ነው። ቴክኖሎጂው እ.አ.አ. በ1991 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለዓለም ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ከፈጣሪዎቹ መካከል ጄምስ ፉጂሞቶ፣ ዴቪድ ሁዋንግና ኤሪክ ስዋንሰን በ2023 የላስከር ሽልማትን አግኝተውበታል።

አሠራሩን በገደል ማሚቶ መመሰል ይቻላል። ከተራራ ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ እስኪሰማው ድረስ ባለው ጊዜ የተራራውን ርቀት መገመት ይችላል። ኦሲቲ በድምፅ ፈንታ ብርሃንን ይልካል። ብርሃን እጅግ ፈጣን በመሆኑ የሚመለስበትን ጊዜ በቀጥታ መለካት አይቻልም። መሣሪያው ከዓይን የተመለሰውን ብርሃን ርቀቱ ከሚታወቅ ሌላ የብርሃን ጨረር ጋር ያነጻጽራል። ከልዩነቱ በመነሣት እያንዳንዱ ንጣፍ የሚገኝበትን ጥልቀት አስልቶ፣ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ንጣፎችን ለይቶ የሚያሳይ ምስል ያወጣል።

ሕመምተኛው የሚጠበቅበት አንድ ነጥብ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ማተኮር ብቻ ነው። መሣሪያው ዓይንን አይነካም፤ መርፌም ሆነ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ከ5 እስከ 7 ማይክሮን፣ እጅግ የረቀቁት ደግሞ እስከ 2 ወይም 3 ማይክሮን የሚደርስ ልዩነትን ያሳያሉ። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው።

ታዲያ ምን ይታያል? በስኳመስ ዕጢ ላይ ሦስት ምልክቶች በአንድነት ይፈለጋሉ። የላይኛው የሕዋስ ንጣፍ ከወትሮው ይወፍራል። ንጣፉ በምስሉ ላይ ደምቆ ይነጣል። ከሁሉም በላይ ግን ከጤናማው ወደ ታመመው ክፍል ያለው ሽግግር ድንገተኛ፣ እንደ ግንብ ጠርዝ የተቆረጠ ይሆናል።

በቴሪጂየም ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የላይኛው ንጣፍ ስስ እንደሆነ ይቆያል፤ የወፈረውና የደመቀው ከእርሱ ሥር ያለው ጭረት የበዛበት ሥጋ ነው። ጤናማ ንጣፍ 50 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው። በአሜሪካ ሚያሚ በሚገኘው ባስኮም ፓልመር የዓይን ኢንስቲትዩት የተደረጉ ጥናቶች፣ እንደ መሣሪያው ዓይነት ከ120 እስከ 140 ማይክሮን አካባቢ የሚሆን ውፍረት ስኳመስ ዕጢን ከቴሪጂየም ለመለየት እንደሚረዳ አሳይተዋል።

ሊምፎማም የራሱ አሻራ አለው። የላይኛው ንጣፍ ጤናማ ሆኖ ከሥሩ ጠቆር ያለና ወጥ የሆነ ክምችት ይታያል። ኔቨስ ሲሆን ደግሞ በውስጡ ጥቃቅን ውኃ የቋጠሩ ክፍተቶች መኖራቸው የሚያጽናና ምልክት ነው።

ኦሲቲ ግን ወሰን አለው። ብርሃኑ ብዙ ቀለም ያለውን ወይም በጣም የወፈረ ዕጢ ሰንጥቆ ማለፍ ስለሚሳነው ከሥሩ ጥላ ይጥላል። በዚህም ምክንያት የሜላኖማን ጥልቀት ለመለካት ብዙ ጊዜ አይበቃም። የሕዋሳትን ንጣፍ እንጂ አንድን ሕዋስ ነጥሎ አያሳይም።

አልትራሳውንድ፦ ብርሃን በማይደርስበት ስፍራ

ብርሃን ሲያቅተው ድምፅ ይተካል። አልትራሳውንድ ባዮማይክሮስኮፒ የተባለውና በካናዳ ቶሮንቶ የተፈለሰፈው መሣሪያ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች ከሚያውቁት አልትራሳውንድ ጋር መርሑ አንድ ነው። ልዩነቱ የድምፁ ድግግሞሽ እጅግ ከፍተኛ መሆኑ ነው። ለሆድ ምርመራ በአብዛኛው ጥቂት ሜጋኸርዝ ሲበቃ፣ ይህኛው ከ35 እስከ 50 ሜጋኸርዝና ከዚያም በላይ ይጠቀማል።

ድምፁ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ጥቁርም ሆነ ወፍራም ዕጢ አያግደውም። ዕጢው የዓይንን ጠንካራ ነጭ ግድግዳ ሰብሮ ወደ ውስጥ መግባቱን ወይም አለመግባቱን ለማወቅ ተመራጭ ነው። ይህ መልስ ለቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ወሳኝ ነው፤ ላይ ላዩን የሚቆረጥ ዕጢና ወደ ውስጥ የዘለቀ ዕጢ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና አይደረግላቸውምና።

በአንጻሩ የምስሉ ጥራት ከኦሲቲ ያንሳል፤ ስሱን የላይኛ ንጣፍ ከሥሩ ካለው አጥርቶ አይለይም። ምርመራው ማደንዘዣ ጠብታና በዓይን ላይ የሚያርፍ ፈሳሽ የያዘ ኩባያ መሰል ዕቃ ስለሚፈልግ ለሕመምተኛው ትንሽ አይመችም፤ ሕመም ግን የለውም። ዕጢው ከዓይን ኳስ አልፎ ወደ ዓይን ጉድጓድ ተዛምቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ደግሞ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ፦ ሕዋሱን በሕያው ዓይን ላይ

ሦስተኛው መሣሪያ ከሁሉም ይበልጥ ወደ ባዮፕሲ ይቀርባል። የኮንፎካል ማይክሮስኮፕን ሐሳብ ያፈለቀው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ማርቪን ሚንስኪ እ.አ.አ. በ1950ዎቹ ነበር። መሣሪያው በቀጭን ቀዳዳ አማካይነት ከአንድ ጥልቀት ብቻ የሚመጣውን ብርሃን አሳልፎ ከላይና ከታች ያለውን ያግዳል። በዚህ መንገድ በሕያው ዓይን ላይ ያሉ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ማየት ይቻላል።

በካንሰር የተጠቁ ሕዋሳት መጠናቸው የተዛባ፣ አስኳላቸው የገዘፈና የደመቀ ሆነው ይታያሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ምስል የሚሸፍነው ስፋት በየጎኑ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድን ሰፊ እርሻ በቁልፍ ቀዳዳ የመመልከት ያህል ማለት ነው። መሣሪያው ዓይንን ይነካል፤ ምስሉን ለማንበብም ልዩ ሥልጠና ይጠይቃል። ስለዚህ ከክሊኒክ ይልቅ በምርምር ማዕከላት ይበዛል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የኦሲቲ ቴክኖሎጂ የደም ዝውውርን ወደሚያሳይ ዓይነትም አድጓል። ያለ ምንም መርፌ ዕጢውን የሚመግቡትን የደም ሥሮች ካርታ ያወጣል። ከሕክምና በኋላ የደም ሥሮቹ መቀነስ ዕጢው እየከሰመ ስለመሆኑ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል።

የመጨረሻው ቃል አሁንም የባዮፕሲ ነው

የትኛውም ምስል ባዮፕሲን ሙሉ በሙሉ አልተካም። ዕጢው ምን እንደሆነ የሚያረጋግጠው ከሥጋው ናሙና ወስዶ የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ነው። በተለይ ሜላኖማና ሊምፎማ ሲጠረጠሩ ናሙናው የግድ ነው።

ታዲያ ምስሉ ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ማን በአፋጣኝ ባዮፕሲ እንደሚያሻውና ማን በክትትል ሊቆይ እንደሚችል ይጠቁማል። ሁለተኛ፣ ናሙናው ከየትኛው ስፍራ ቢወሰድ እንደሚሻል ያሳያል። ሦስተኛ፣ በዓይን የማይታየውን የዕጢ ጠርዝ ስለሚገልጥ ሐኪሙ ሳያስተርፍ እንዲቆርጥ ይረዳል።

አራተኛውና ምናልባትም ትልቁ ጥቅም በሕክምናው ወቅት የሚታይ ነው። ዛሬ ብዙ የስኳመስ ዕጢዎች ያለ ቀዶ ሕክምና፣ እንደ 5-ፍሎሮዩራሲል፣ ኢንተርፌሮን ወይም ማይቶማይሲን ባሉ የዓይን ጠብታዎች ይታከማሉ። ከላይ ሲታይ ዕጢው የጠፋ ይመስላል። ኦሲቲ ግን ከሥር የቀረ የወፈረ ንጣፍ መኖሩን ሊያሳይ ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ጠብታውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ካንሰሩ ሲመለስም ለዓይን ከመታየቱ በፊት በምስሉ ላይ ሊደረስበት ይችላል።

መሣሪያው በሌለበትስ?

እነዚህ መሣሪያዎች ውድ ናቸው። በብዙ የአፍሪካ አገራት የሚገኙት በዋና ዋና ከተሞች ባሉ ጥቂት የሕክምና ተቋማት ነው። ከገጠር የሚመጣ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ዕጢው ገዝፎ ነው። ይህ ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሠራጨው እምብዛም ቢሆንም፣ ባለበት ስፍራ እየቆፈረ ይገባል። በዘገየ ጊዜ ሕይወትን ለማዳን ዓይኑን፣ አልፎም በዓይን ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሥጋ ሁሉ ማውጣት ግድ ይሆናል።

ግን ያለ ውድ መሣሪያም ብዙ መሥራት ይቻላል። በኬንያ ተካሂዶ እ.አ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ሰዎች ገሚሶቹ ለአራት ሳምንታት የ5-ፍሎሮዩራሲል ጠብታ፣ ገሚሶቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለው ጠብታ ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ዕጢው የተመለሰባቸው መድኃኒቱን ካገኙት 11 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላገኙት ግን 36 በመቶ ነበሩ።

ሌላው ርካሽ ጥንቃቄ የተቆረጠን ሥጋ አለመጣል ነው። "ቴሪጂየም ነው" ተብሎ ከወጣ ሥጋ መካከል በላቦራቶሪ ሲመረመር ካንሰር ወይም ቅድመ ካንሰር ሆኖ የሚገኝ አለ። በመሆኑም ባለሙያዎች በተለይ ለየት ያለ መልክ ያለው ማንኛውም ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ እንዲላክ ይመክራሉ። ለሬቲና ምርመራ የተገዙ ብዙ የኦሲቲ መሣሪያዎችም ተጨማሪ ሌንስ ሲገጠምላቸው የዓይንን የፊት ክፍል ማንሣት ይችላሉ።

መቼ ሐኪም ማየት ይገባል?

በዓይን ነጭ ወይም በብሌን ላይ ያለ እብጠት በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ካደገ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ከታየ፣ ነጭ ቅርፊት ካወጣ፣ ከደማ፣ ወይም በቀይ የደም ሥሮች ከተከበበ ሳይዘገዩ የዓይን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ለወራት በጠብታ ያልዳነ የአንድ ዓይን መቅላትም እንዲሁ ነው። የነበረ ጥቁር ነጥብ መልኩን ወይም መጠኑን ከቀየረም ችላ መባል የለበትም። ቀድሞ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ መሄድ ለውጡን ለማመሳከር ይረዳል።

ሐኪሙን መጠየቅ መብት ነው። ይህ ምንድን ነው ብለው ይጠረጥራሉ? የፊት ዓይን ኦሲቲ እዚህ አለ? ሥጋው ከወጣ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል? ውጤቱን መቼ አገኛለሁ? ክትትሉ ለምን ያህል ጊዜ ይቀጥላል? በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች፣ ቋንቋው ካልሞላላቸው፣ ከቀጠሮው ቀን አስቀድመው አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ቢጠይቁ ይበጃል።

መከላከሉን በተመለከተ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና አልትራቫዮሌትን ሙሉ በሙሉ የሚያግድ መነጽር ዋነኞቹ ናቸው። የመነጽሩ መጥቆር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ጨረሩን የሚያግድ መሆኑ ሊጻፍበት ይገባል። ይህ በደጋው የሚያርሰውን ገበሬ፣ በባሕረ ሰላጤው አገራት ከቤት ውጭ የሚሠራውን፣ ጨረርን አጥብቆ በሚያንጸባርቅ በረዶ መካከል የሚኖረውንም ይመለከታል። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ደግሞ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መውሰድና ዓይናቸውን በየጊዜው መታየት ይመከራል።

ለአገር ቤት ቤተሰብ በስልክ ሲደወል "ዓይኔ ላይ ትንሽ ነገር ወጥታብኛለች፣ ግን አታምመኝም" የሚል ወሬ ከተሰማ፣ አለማመሟ ማጽናኛ ሆኖ መወሰድ የለበትም። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ የዓይን ገጽ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ በጠብታ ወይም በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችለውም በዚያው ደረጃ ላይ ሳለ ነው።